ፍሬቻው ይሠራል አሉ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ በርዶልኝ አይደለም። ይበርድልኛል ብዬ ብዙ ጠብቄ ነበር፤ አልበረደም። ስለዚህ እንዳለ ልጻፈውና አንባቢ ይፍረድ ብዬ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ የሥራ ዘመኔን በሙሉ ያሳለፍኩት በትምህርት ቤት ጸሐፊነት ነው። የጸሐፊ ሥራ ሌላው የተናገረውን መጻፍ ስለሆነ፣ እኔም ዝምታን ለምጄው ኖርኩ። ሰዎች «ወይዘሮ አሰገደች ቁጥብ ናቸው» ይሉኛል። ሽምግልና ላይ ስቀመጥ ካልተጠየቅሁ አልናገርም፤ ስጠየቅም አላበዛም። ለዚህም ነው መሰል የተከበርኩት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አብራኝ የምትኖረው የወንድሜ ልጅ ሰናይት ናት።

ሰናይት የግብርና ባለሙያ ናት። ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረች ስለ ገብስ በሽታና ስለ በግ ክትባት ለገበሬው ታስረዳለች። ለዚህ ሥራ መሥሪያ ቤቷ አንድ ሞተር ሳይክል ሰጣት። አዲስ አልነበረም፤ ይነዳው የነበረው ባልደረባዋ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ነው የደረሳት። በመሪው ግራና ቀኝ ከባና የተሰፋ እጅጌ ነበረው። የመንዝን ብርድ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። በማለዳ በጓሳ በኩል በሞተር የሚሄድ ሰው ጣቱ ይደነዝዝና ፍሪሲዮን መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ሞተረኞቻችን ከበግ ጸጉር በተሠራ ባና ወፍራም እጅጌ ያሰፉና መሪው ላይ አጥልቀው በሲባጎ ጠፍረው ያስሩታል። የሚነዳው ሰው እጁን እዚያ ውስጥ ሰዶ ነው መሪውን የሚይዘው። የመታጠፊያ ምልክቱን፣ የፍሬቻውን ማብሪያም የሚጫነው እዚያው ውስጥ እንዳለ ነው።

ሞተሩን ከተረከበች ብዙም ሳትቆይ አንድ ነገር መናገር ጀመረች።

«እትዬ፣ የግራው ፍሬቻ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ከኋላዬ የሚመጡት ይሰድቡኛል። ‹ሴትዮ፣ ስትታጠፊ አሳዪ እንጂ› ይሉኛል። እኔ እኮ አሳይቻለሁ። ብቻ መብራቱ ከኋላ ስለሆነ አይታየኝም። ፊት ለፊቴ የፍጥነት ሰዓቱ ላይ ያለችው የፍሬቻ ምልክት፣ አረንጓዴዋ መብራት ደግሞ ከተቃጠለች ቆይታለች።»

«ለመካኒኩ ንገሪው።»

«ነግሬዋለሁ።»

ነግራው ነበር። ደግማም ነገረችው። አንድ ጊዜ ከገበያ ስመለስ ጋራዡ በር ላይ አገኘኋትና ቆሜ አየሁ። መካኒኩ ደምሴ ይባላል፤ የመሥሪያ ቤቱን ሞተሮች በሙሉ የሚሠራው እሱ ነው። ፈታ ያለ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። የእጅጌዎቹን ሲባጎ በጥንቃቄ ፈታ፤ ዘይት እንዳይነካቸው ሁለቱንም አጣጥፎ ምስማር ላይ ሰቀላቸው። ከዚያ ማብሪያውን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። የኋላው ፍሬቻ ቦግ እልም፣ ቦግ እልም አለ። አምፖሉን አወጣና አየው። ባትሪውን ለካ። መልሶ ገጠመና ደግሞ ገፋው። ቦግ እልም።

«ይኸው፤ ይሠራል» አለ።

«አሁን ይሠራል» አለች ሰናይት።

«እህቴ፣ ዕቃ እንደ ሰው አያኮርፍም። ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ይሠራል። ጣትሽን ጠበቅ አድርገሽ ተጫኚ።»

«ጠበቅ አድርጌ ነው የምጫነው።»

«ምናልባት ክላክሱን እየነካሽ ይሆናላ» አለና ሳቀ። አጠገቡ የነበሩት ሁለት ሞተረኞችም ሳቁ። አንደኛው፣ «ሴት ስትነዳ ፍሬቻውም ያፍራል» አለ።

ደምሴ እጅጌዎቹን አውርዶ እንደነበሩ አጥልቆ አሰረላት፤ ሰናይትም አመስግናው ሄደች። ስለ አረንጓዴዋ መብራት ብትጠይቀው «ዓይን ካለሽ ምን ያደርግልሻል?» እንዳላት ማታ ነገረችኝ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የውርጩ ወራት ገብቶ ነው። ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ መንደር አንዲት ዘመዳችን አርፋ ስለነበር ለለቅሶ በማለዳ ወጣን። ሰናይት ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጭጋጉ ወፍራም ነበር። ጋቢዬ የጭጋጉን ውሃ ጠጥቷል፤ የእጅጌዎቹም ባና ረጥቦ ጠቁሯል።

ወደ መንደሩ የሚያስገባው የጥርጊያ መንገድ በግራ በኩል ነው። ልንደርስ ስንል ሰናይት አዘገመች፤ «እትዬ፣ ወደ ግራ ልታጠፍ ነው፤ ያዝ ያድርጉኝ» አለችኝ። የግራ ክንዷ ወደ ፊት ሲገፋ አየሁ። ለማብሪያው መሆኑ ገባኝ። ጥቂት ሄደች፤ ከዚያ ታጠፈች።

ወዲያው ከኋላችን የሞተር ጩኸት መጣ። በግራ በኩል ሊያልፈን የነበረ ሌላ ሞተረኛ ነበር። እኛን ላለመግጨት መሪውን ጠመዘዘና የኋላ ጎማችንን መትቶ ከነጭነቱ ቦዩ ውስጥ ገባ። እኛም በጎናችን ወደቅን። እኔ ትከሻዬን ተመታሁ፤ ሰናይት ጉልበቷ ተላጠ። የሱ ግን እግሩ ተሰብሮ ነበር። ተካልኝ የሚባል ወጣት ነው። ከሞላሌ ሸቀጥ እየጫነ ገጠር የሚሸጥ፣ እናቱንም የሚጦር።

ሰናይት እያነከሰች ሮጣ ደረሰችለት።

«ፍሬቻ የለሽም እንዴ?» አላት ጥርሱን ነክሶ።

«አሳየሁ እኮ።»

«ምንም አላሳየሽም። ዓይኔን ካንቺ ላይ አላነሣሁም፤ ምንም አልበራም።»

«አሳይቻለሁ፣ ወንድሜ።»

በሚያልፍ መኪና ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ። ትራፊክ ፖሊሱ የደረሰው ፀሐይ ከወጣች፣ ጭጋጉም ከተገፈፈ በኋላ ነው። የግራውን እጅጌ ወደ ኋላ ገለጥ አድርጎ ማብሪያውን ገፋው። ቦግ እልም።

«ፍሬቻው ይሠራል» አለ። «ስለዚህ አላሳየሽም።»

አንባቢ ሆይ፣ ያንን ቃል ከዚያ ቀን በኋላ ስንት ሰው እንደደጋገመው አልነግርህም። ፍሬቻው ይሠራል፤ ስለዚህ ሰናይት ትዋሻለች። ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

ለተካልኝ ሕክምና የሚገባንን አደረግን። ነገር ግን የሁለት ቤተሰብ ነገር ስለሆነ ሽማግሌ ገባ። የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ ሰናይትን ከሥራ አገደና ውሳኔውን የሽማግሌዎቹ ቃል ሲመጣ እንደሚሰጥ ነገራት። ሳላሳይ ታጠፍኩ ብላ ካመነች በገዛ አፏ ጥፋተኛ ናትና ትባረራለች። አላምንም ብላ እርቁ ከፈረሰ ደግሞ ከሕዝብ ጋር የማትግባባ ሠራተኛ ናት፤ ያው ትባረራለች። ይህን ሲነግራት ፈገግ ይል እንደነበር ሰማሁ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት እንደ ልማዳቸው ነው፤ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ነፋስ በማያገኘው በኩል። ዋናው ጋሽ ሽፈራው ነበሩ። ብዙ ጠብ ያበረዱ ሰው ናቸው፤ ይህን አልክድም። የተካልኝ እናት ሐኪም ቤት ልጃቸውን እያስታመሙ ስለነበር አልመጡም፤ አጎቱ ነበር የተወከለው። ደምሴም ተጠርቶ ሞተሩን ይዞ መጣ። እጅጌዎቹን ፈትቶ አወረደ፤ ማብሪያው ለሁሉም እንዲታይ። ገፋው። ቦግ እልም፣ ቦግ እልም።

ጋሽ ሽፈራው በጭራቸው ዝንብ እየመለሱ ሰናይትን አይዋት።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይኸው ዕቃው ተናገረ። ድንጋይ ትሸከሚና ‹ሳላሳይ ታጠፍኩ፣ አሳይቻለሁ ያልኩትም ውሸት ነው፣ ይቅር በሉኝ› ትያለሽ። እነሱም ይቅር ይላሉ። እንበላለን፣ እንጠጣለን። አለቀ።»

«አሳይቻለሁ» አለች።

«ማን አየልሽ?»

ያኔ ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሮ አሰገደች፣ እርስዎ ከኋላ ነበሩ። ፍሬቻው ሲበራ አይተዋል?»

«ፍሬቻው ከበስተኋላዬ ነው፤ አላየሁም» አልኩ። «ግን ልታጠፍ ነው ስትለኝ ሰምቻለሁ። ክንዷ ወደ ፊት ሲገፋም አይቻለሁ።»

«ክንዷ!» አለ አጎትየው። «ክንድ ቦግ እልም ይላል እንዴ?»

ሳቁ። ጋሽ ሽፈራውም ሳቁ። ደምሴ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሳቀ። እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የተናገርኩት፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ውሸት ብጨምር ኖሮ፣ ሲበራ አይቻለሁ ብል ኖሮ ያምኑኝ ነበር። እውነቱ ግን ሳቅ አመጣ። በዕድሜዬ በሰው ፊት እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም።

«ጋሽ ሽፈራው» አልኩ፣ ሳልጠየቅ። «አደጋው የደረሰው በቀትር ነው?»

«በማለዳ ነው እንጂ።»

«በዚህ በሞቀው ቅጥር ሥር ነው?»

«ምን ለማለት ነው?»

«ልጅቱ ‹አንዳንዴ አይሠራም› ነው ያለችው። እናንተ የምታዩት የሚሠራበትን ጊዜ መርጣችሁ ነው። ፍርዱ በቦታውና በሰዓቱ ይታይ። በማለዳ፣ በጭጋግ፣ መታጠፊያው ላይ።»

«ሽማግሌ በውርጭ ይቀመጥ ነው የሚሉት?»

«ሰው ውሸታም ከማለታችሁ በፊት ሄዶ ማየት የሚበርዳችሁ ከሆነ ፍርዱን ተዉት።»

ሁሉም ያየኝ ልብሴ የተቀደደ ያህል ነበር። ጋሽ ሽፈራው ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። እኔን ለማክበር ይሁን ለመገላገል አላውቅም፣ «ይሁን» አሉ። «ነገር ግን ወይዘሮ አሰገደች፣ እዚያም ከሠራ ሌላ ቃል የለም። ድንጋዩን እዚያው ትሸከማለች።»

«ይሁን» አልኩ።

ቀጠሮው እስኪደርስ ሰናይት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገብስ እየለቀመች ሳለ፣ «እትዬ፣ እዚያም ቢሠራስ?» አለችኝ።

«አሳይተሻል ወይስ አላሳየሽም?»

«አሳይቻለሁ።»

«እንግዲያው ልቀሚ» አልኳት።

በቀጠሮው ማለዳ ጭጋጉ ልክ እንደዚያ ቀን ነበር፤ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መንገድ ዳር ቆመዋል፤ እየተቆጡ መሆናቸው ከአቋቋማቸው ያስታውቃል። ድንጋዩ አስቀድሞ ተመርጦ መሬት ላይ ተቀምጧል። መጠነኛ ድንጋይ ነው፤ ክብደት የለውም። ክብደቱ ሲሸከሙት በሚሉት ቃል ነው።

ደምሴ ሞተሩን እየነዳ መጣ። ጠዋት ከጋራዡ ሲወጣ ስለበረደው እጅጌዎቹን አጥልቆ ነበር፤ ሲደርስ ግን ማብሪያው እንዲታይ ፈታቸውና ዳር ያለው የድንጋይ ካብ ላይ አኖራቸው። ሞተሩን አስነሣ። ገፋው።

ቦግ እልም።

መሪውን ወደ ግራ አዞረና ገፋው። ቦግ እልም። ወደ ቀኝ። ቦግ እልም። ከኋላ ያለው ቀይ መሬት በጭጋጉ ውስጥ ቢጫ እየሆነ ይጠፋል። በሕይወቴ እንደዚያ የጠላሁት ብርሃን የለም።

«በቃዎት?» አሉኝ ጋሽ ሽፈራው።

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ሰናይት ዞሩ።

«ልጄ፣ ነይ።»

ሰናይት ወደ ድንጋዩ ሄደች። ክንዷን ያዝኳት።

«እትዬ፣ ይተዉት። ልሸከመው» አለች ቀስ ብላ። «ደከመኝ። ሁሉም እንዲህ ካለ እኔም እንጃ። ምናልባት አላሳየሁ ይሆናል።»

ከዚያ ሁሉ ነገር ያቃጠለኝ ይህ ነው። የሳቁት ሳይሆኑ እሷ። የገዛ እጇ ያደረገውን እንድትጠራጠር አድርገዋታል። «አሳይተሻል» አልኳት፤ ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ወጣ። እጇን ሳበችና ጎንበስ አለች።

በዚህ መሐል ነው የተካልኝ እናት የደረሱት። ልጃቸውን በቅሎ ላይ አስቀምጠው፣ የተሰበረው እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ ራሳቸው በቅሎዋን እየሳቡ። ወይዘሮ የሺ ይባላሉ። እኔን ሰላም አላሉኝም። ሞተሩን ነው ያዩት። ዙሪያውን ዞረው ተመለከቱና ቱግ አሉ።

«ይህ የዚያን ቀኑ ሞተር አይደለም።»

«እሱ ነው፣ ወይዘሮ የሺ» አሉ ጋሽ ሽፈራው።

«አይደለም አልኩ። የዚያን ቀን ወድቆ አይቼዋለሁ፤ ልጄን ፍለጋ ስመጣ። እጅጌ ነበረው፣ ጥቁር፣ የረጠበ። ይህ ራቁቱን ነው። ሞተር ለውጣችሁ ልጄን ውሸታም ልታደርጉት ነው?»

«እማማ፣ እጅጌውን እኔ ነኝ ያወለቅኩት፤ ይኸውላችሁ ካቡ ላይ» አለ ደምሴ።

«ለምን ታወልቃለህ?»

«ሁልጊዜ አወልቀዋለሁ። ካላወለቅኩት እንዴት አያለሁ?»

ሁልጊዜ አወልቀዋለሁ። ጋራዡ ውስጥ ምስማር ላይ ሲሰቅላቸው፣ ቅጥሩ ሥር ሲፈታቸው ትዝ አለኝ። ትራፊኩ ሲገልጠው። በዚያ ማብሪያ ላይ የሁሉም ጣት አርፏል፤ እጁን ግን እሷ እንደምታስገባው ያስገባ ማንም የለም።

«አጥልቀው» አልኩት።

«ምን ይለውጣል?»

«አጥልቀው አልኩህ።»

ጋሽ ሽፈራውን አያቸው፤ እሳቸውም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደምሴ የረጠቡትን እጅጌዎች አጠለቀ፤ ሲባጎውን እንደ ልማዱ ከመሪው ጋር፣ ከሥሩ ከሚያልፈው የመብራት ገመድ ጋር አንድ ላይ ጠፍሮ አሰረ። ቆሞ በጎን በኩል ጣቱን ሸጉጦ ገፋው።

ቦግ እልም።

«ይኸው» አለ፣ አሁን በመሰልቸት። አጎትየው፣ «ኮፍያም እናድርግለት?» አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

«እሷ ትቀመጥበት» አልኩ። «የዚያን ቀን ክንዷን ወደ ፊት ገፍታለች ብያችኋለሁ። ስቃችኋል። እሷ ተቀምጣ እጇን ታስገባ።»

ሰናይት ተቀመጠች። እጇን ባናው ውስጥ ሰደደች፤ ርጥብ ባና ስለሚጠብቅ ለማስገባት ታገለች። ክንዷን ወደ ፊት ገፋች።

«ተጫኚ» አላት ደምሴ።

«ተጭኛለሁ።»

የኋላው ፍሬቻ ጨለማ ነበር።

«ተጫኚ እንጂ።»

«ተጭኛለሁ አልኩህ እኮ።»

ደምሴ ዞሮ መጣ። እጁን ከላይ ወደ እጅጌው አሾልኮ ጣቷን ዳሰሰ፤ ጣቷ ማብሪያው ላይ፣ ማብሪያውም ወደ ግራ ተገፍቶ ነበር። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። «እጅሽን ሳብ አድርጊ» አላት። ማብሪያውን እንደተገፋ ትታ እጇን ስትስብ፣ ቦግ አለ። መልሳ ስትገፋ፣ ጠፋ። ስትስብ ቦግ። ስትገፋ ድርግም። ጋሽ ሽፈራው ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አዩ።

ደምሴ ሲባጎውን ፈታና ከሥሩ ያለውን ገመድ በምላጭ ሰነጠቀው። ፕላስቲኩ ደህና ይመስል ነበር፤ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ተበጥሶ ጫፍና ጫፉ ብቻ ተነካክቶ ቆይቷል። እጅ ወደ ፊት ሲገፋ እጅጌው ይሳባል፣ እጅጌው ሲሳብ ሲባጎው፣ ሲባጎው ደግሞ ገመዱን ይጎትተዋል፤ ጫፎቹ ይለያያሉ። ባናው ሲደርቅ ስለሚላላ ያን ያህል አይጎትትም። እጅጌው ሲወልቅ ደግሞ ጨርሶ ይገጥማል። እሷ በጠየቀችው ቁጥር ደምሴ ራሱ እያወለቀ፣ ራሱ መልሶ እያሰረ ነበር።

«አላየሁም ስላችሁ እውነቴን ነበር» አለ ተካልኝ ከበቅሎዋ ላይ።

«እሷም አሳየሁ ስትል እውነቷን ነው» አልኩት።

«አዎ» አለ። «እንደዚያ ነው።»

አንባቢ እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እንግዲህ ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የሰይጣን ነው» አሉ። «ደግ ነው። ለእርቁ ሲባል ድንጋዩን አንድ ጊዜ አንሥታ ትመልሰው። ቃሉን እናሳጥረዋለን። ድንጋይ ወጥቶ ዝም ብሎ አይመለስም።»

አጎትየውም ሌሎቹም በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ብርዱ ያንገበገባቸው ይመስሉ ነበር።

«አታነሣም» አልኩ።

«ወይዘሮ አሰገደች፣ ልማድ ነው እኮ።»

«ልማዱ ያጠፋ ሰው እንዲሸከም ነው። ደጋግማ ስትነግረው ‹ይሠራል› ያላት ሰው እዚህ አለ፤ እሱ ይሸከም። ያየሁትን ስናገር የሳቃችሁ አላችሁ፤ እናንተ ተሸከሙ። የሰይጣን ነው ካላችሁም እሱን ጥሩትና ይሸከም። እሷ ግን ያላጠፋችውን አንድ ጊዜ በውሸት ልታምን ነበር፤ ሁለተኛ አይሆንም።»

ደምሴ፣ «እኔ ሰው አልገጨሁም፣ እማማ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እሷም አልገጨችም።»

ጋሽ ሽፈራው ወደ ወይዘሮ የሺ ዞሩ። «እርስዎስ ያለ ድንጋይ ይቀበላሉ?»

«እኔ መቼ ድንጋይ ጠየቅሁ?» አሉ ወይዘሮ የሺ። «ልጄን እንዳትዋሹበት ነው የመጣሁት። ድንጋይ ድንጋይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው አልለዘበም። «የልጄ እግር ግን ይኸው ነው፣ እህቴ። እውነቱ ቢገኝም አልተጠገነም።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው።

ሰናይት ከሞተሩ ወርዳ ወደ በቅሎዋ ሄደች። «እግርህ ስለተሰበረ አዝናለሁ» አለችው። «አልዋሸሁህም።» ተካልኝ እጁን ዘረጋላት፤ ጨበጠችው። እርቁ ይኸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ምርቃታቸውን በችኮላ መርቀው ወደ ፀሐይ ሄዱ።

ሰናይት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ኃላፊው ቢሮው ጠርቶ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ችግሩ ተፈቷል» አላት። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም። በዚያው ሳምንት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በተጠቃሚዎች ቸልተኝነት ጉዳት ስለደረሰ በሞተር ላይ እጅጌ ማሰር ተከልክሏል ይላል። በተጠቃሚዎች ቸልተኝነት። ለመካኒኩ ደጋግማ የተናገረችው ተጠቃሚ ቸልተኛ ሆነች። አሁን በብርድ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው ነው የምትገባው፤ ማታ ማታ ቅቤ እቀባላታለሁ።

ደምሴ ቤቴ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆኛል። ቁጭ አድርጌ አብልቼዋለሁ። «ይቅርታውን ለሷ ንገራት» አልኩት፤ ነገራት። እሷ ይቅር ብላዋለች፤ የሷ ፈንታ ነው። ጋሽ ሽፈራው ሰላም ሲሉኝ ሰላም እላቸዋለሁ። በሌላ ሽምግልና ላይ ግን አሁን ሳልጠየቅ እናገራለሁ። «ወይዘሮ አሰገደች በእርጅና ምላሳቸው ተፈታ» እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ። ይበሉ።

ተቆጥቼ የማላውቅ ሴት ነበርኩ፤ ቁጣን የጉድለት ምልክት አድርጌ ነበር የማየው። ያን ማለዳ ዝም ብል ኖሮ ግን አንዲት ልጅ ራሷን ውሸታም ብላ፣ እድሜዋን ሙሉ የገዛ እጇን እየተጠራጠረች ትኖር ነበር። ሁላችንም «እርቅ ወረደ» ብለን በልተን ጠጥተን እንበተን ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ የጨካኞች ሥራ አለመሆኑ ነው። ደምሴ ክፉ አይደለም፤ ጋሽ ሽፈራውም ክፉ አይደሉም። እነሱ ባዩበት ሰዓት ሠራ፤ በቃቸው።

እናንተ የምታነቡት፣ በቤታችሁም በቢሮአችሁም «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ስለ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሆዱ ሕመም ወይም ስለ ባሏ እጅ ሊሆን ይችላል። እናንተ ስታዩት ደህና ይሆናል፤ አፋችሁ ላይም «ይኸው፣ ደህና ነው» የሚለው ይመጣል። እሱን ዋጡት። መቼ ነው፣ የት ነው፣ እጅሽ የት ነበር ብላችሁ ጠይቁ፤ ቢበርዳችሁም ሄዳችሁ እዩ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ቢያንስ ውሸታም አትበሏት። እኔ ካለሁበት ደግሞ ያንን ቃል ባትናገሩ ይሻላችኋል።